የግራ ክንድ ክትባት

አማን (ዮርዳኖስ)፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ጉዲቱ፣

እንዴት ነሽ? ዮርዲ እንዴት ናት? ደመራው ዘንድሮ ወዴት ወደቀ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ደብዳቤን በውሸት መጀመር ደስ አላለኝም።

«ስልክ ለምን አታነሺም» እያልሽ የላክሻቸውን የድምፅ መልእክቶች በሙሉ ሰምቻቸዋለሁ። ስልኬ አልተሰበረም። ማዳምም አልነጠቀችኝም። ያላነሳሁት ሆን ብዬ ነው። በስልክ ካወራን ታለቅሻለሽ፤ አንቺ ስታለቅሽ ደግሞ እኔ የተናደድኩበት ነገር ይጠፋብኝና «በቃ እትዬ፣ በቃ» እያልኩ ሳባብልሽ እንዘጋለን። ከልጅነቴ ጀምሮ የምታሸንፊኝ እንዲህ ነው። ወረቀት ግን አያለቅስም። ይህን የምትሰጥሽ ልጅ ለእረፍት ነው የምትመጣው፤ መልሱን ለእሷው ስጪያት።

የወር አበባዬ ሲፈልግ እንደሚመጣ ሲፈልግ እንደሚቀር ነግሬሽ ነበር። ከቃለጽድቅ ጋር እዚህ ከተጋባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው፣ ልጅ የለም። እሱም ሐምሌ ላይ የታመሙ አባቱን ሊጠይቅ ወደ ቀራንዮ ከመጣ ወዲህ ስልኩ ይጠራል እንጂ አይነሳም። መጥቶ ጠይቋችኋል? ብቻዬን ተቀምጬ ከማብድ ልታከም ብዬ ተነሳሁ።

እትዬ፣ እዚህ የተማርኩት አረብኛ የወጥ ቤት አረብኛ ነው። ሽንኩርት፣ ቢላዋ፣ መጥረጊያ፣ ቶሎ በይ፣ እሺ ማዳም። ለማህፀን የሚሆን ቃል የለኝም። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ተቀባይዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ባልሽ የት አለ አለችኝ። ይህቺ ትገባኛለች። አገሩ ሄዷል አልኳት። የጋብቻ ወረቀትስ? ቄሱ የሰጡንን ወረቀት ዘረጋሁላት፤ በአማርኛ የተጻፈውን ገልብጣ አይታ መለሰችልኝ። ሐኪሙ ጋ ስገባ ሆዴን በእጄ አሳየሁት። ቀና ሳይል መድኃኒት ጻፈልኝ። ሁለት ወር ሙሉ ሰዓቱን ሳላዛንፍ ዋጥኩት። ኋላ ዊዳድ ካርቶኑን አንብባ የጨጓራ ነው አለችኝ። ጨጓራዬን በተመለከተ እንግዲህ አታስቢ፣ ድንጋይ ይፈጫል።

ዊዳድ የኛው ሰፈር ልጅ ናት፣ ከኮልፌ ገበያ ጀርባ ነው ያደገችው። ለስደተኛ ሴቶች በነፃ በሚያክም ክሊኒክ ታስተረጉማለች። እዚያ ባልም ወረቀትም አይጠይቁም። ተራዬን ስጠብቅ መፍራቴን አየችና ግራ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ይሄ መቼ ነው የተቀበረልሽ?»

«የቱ?»

የራሴን ጣት ወስዳ አስነካችኝ። «እሱማ ክትባት ነው» አልኳት። ሳቀች። ፊቴን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው። የእርግዝና መከላከያ መሆኑን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ሐኪሟም ዳስሳ ያንኑ አለች።

አንቺ ግን ክትባት ነው ብለሽኝ ነበር። ልሄድ ስል፣ የኮሮናውን በቀኝ ክንዴ ከተከተብኩ በኋላ፣ «ወደ አረብ አገር ለሚሄዱ ሌላም አለ፣ ከቆዳ ሥር ይቀመጥና ቀስ እያለ ቀልጦ ይጠፋል» ብለሽ ሲስተር ቦንቱ ጋ ወሰድሽኝ። አልቀለጠም፣ እትዬ።

ሐኪሟ ልታወጣልኝ ፈቃደኛ ናት። ሲዳሰስ የሚገኘው ግን አንድ ብቻ ነው። አንድ የሆነም ሁለት የሆነም ዓይነት አለ፤ ሁለት ከሆነ አንደኛው ሥጋ ውስጥ ጠልቋል ማለት ነውና በማሽን ታይቶ ነው የሚወጣው አለች። ሳታውቅ መቅደድ አትፈልግም። እና የምጠይቅሽ፦ ሲስተር ቦንቱ የቀበረችው ስንት ነው?

ሜቲ



ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምሳሳልሽ እህቴ ለሜቲዬ፣

ከእግር ጥፍርሽ እስከ ራስ ፀጉርሽ እንደምን አለሽልኝ? እኛ ስምሽን ስንጠራ እየዋልን አለን። ደመራው ወደ ምሥራቅ ነው የወደቀው፤ የምን ምልክት እንደሆነ ግን ሁሉም እንደ ምኞቱ ይናገራል።

ደብዳቤሽን ያመጣችልኝ ልጅ ሱቅ ድረስ መጥታ ነው የሰጠችኝ። ለስላሳ ጋበዝኳት። አንዱ ሳሙና ሲል ሌላው ካርድ ሲል፣ ወያላው ዝርዝር ስጪኝ ብሎ ሲጮህ፣ እያቋረጥኩ አነበብኩት። መንገዱን ደግሞ ቆፍረውት ታክሲዎቹ እኛ በር ላይ ነው የሚዞሩት፤ አቧራው ብስኩቱን ሁሉ አመድ አስመስሎታል። ዮርዲ እግሯ አድጎ የኔ ጫማ እየጠበባት ነው። ለአባቷ የምታበራውን ሻማ ዘንድሮም አልዘለለችም፤ በመስከረሙ መድኃኔዓለም ዋዜማ ብቻዋን ሄዳ አብርታ መጣች። እንዲህ ያለች ልጅ ናት።

ይቺ ዊዳድ የምትያት ማን ናት? የማን ልጅ ናት? በሰው አገር አንድ ቀን ያየሻትን ሰው አምነሽ ክንድሽን ትሰጫለሽ? ቢላዋ እንዳያስነኩሽ አደራ። ክትባት ነው ያልኩሽም ያው ክትባት ቢሆን ነው። ከክፉ የሚከላከል ሁሉ ክትባት አይደል? ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ፤ የዚህን ስም ማን እንዳወጣለት እኔ በምን አውቃለሁ። እንዳለ ይቀመጥ፣ አይጎዳሽም።

ይልቅ ጸበሉ አልቆብሽ ይሆናል። በዚህችው ልጅ እጅ አንድ ሃይላንድ ሙሉ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ልኬልሻለሁ። በባዶ ሆድ ጠጪው። ተስፋ አትቁረጪ፣ ሣራም በእርጅናዋ ነው የወለደችው።

ስለ ቃለጽድቅ ለጠየቅሽኝ፣ አባቱ ተሽሏቸዋል። በሽተኛ ያለበት ሰው ስልክ ላያነሳ ይችላል። ሆድ አይባስሽ።

ታላቅ እህትሽ ጉዲቱ



አማን፣ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጉዲቱ፣

«ከክፉ የሚከላከል ሁሉ ክትባት ነው» ያልሽውን ለዊዳድ አነበብኩላት። «እህትሽ ጠበቃ ናት?» አለችኝ። የለም፣ ባለ ሱቅ ናት አልኳት።

የማን ልጅ ናት ላልሽው፣ የእናቷን ስም አልጠየቅኳትም። አንድ ቀን አይታኝ እውነቱን ነገረችኝ። አንቺ አልወለድሽኝም እንጂ አሳድገሽኛል፤ እስካሁን ስንት እንደሆነ እንኳ አልነገርሽኝም።

አንድ ነገር ላስታውስሽ። አንቺ ወሊሶ አድገሽ ስለመጣሽ አፍሽን የፈታሽው በኦሮምኛ ነው። እኔ ኮልፌ ተወልጄ ከሰላምታና ከስድብ ሌላ ብዙም አላውቅም። ያን ቀን ሲስተር ቦንቱ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እንድተኛ አደረገችኝ። ማደንዘዣውን ከመውጋቷ በፊት ቀና አለችና በኦሮምኛ አንቺን ጠየቀችሽ። «ቤክቲ?» አለችሽ። ታውቃለች? አንቺም «ኤዬ፣ ቤክቲ» አልሽ። አዎ፣ ታውቃለች።

ይቺን ቃል አውቃት ነበር። «ሥራ ታውቃለች ወይ» ማለቷ መሰለኝ። አረብ አገር ልትሄድ ነው ሲባል ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ያንኑ ስለነበር። ማብሰል አውቃለሁ፣ ብረት መተኮስ አውቃለሁ ብዬ በልቤ ኮራሁና ግድግዳው ላይ ፈገግ አልኩ። ይኸው አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ያን ፈገግታ ባሰብኩ ቁጥር ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

እሷስ ጠይቃለች። ሕጓን ጠብቃ ጠይቃለች። እኔ እዚያው ተኝቼ እያለሁ ስለ እኔ የመለስሽው አንቺ ነሽ።

ሃይላንዱ ደርሷል። አልከፈትኩትም። ባለፉት ሁለት ዓመታት የላክሻቸውን ጠርሙሶች ግን አንድም ሳላስቀር በባዶ ሆድ፣ ተንበርክኬ ጠጥቻለሁ። ከመጠጣቴ በፊት ክንዴን እያማተብኩ። ቃለጽድቅ እንኳን ሲስቅብኝም ሲያዝንም አብሮኝ ይጠጣ ነበር። አንቺ እዚያ ተሰልፈሽ ስትቀጂ፣ ክዳኑን በላስቲክ ስታሽጊ፣ ክንዴ ውስጥ ያለውን እያወቅሽ ነበር? ይህን ጥያቄ መመለስ ካቃተሽ ተዪው። የመጀመሪያውን ብቻ መልሺልኝ። ሐኪሟ እየጠበቀች ነው።

አንድ ነው ሁለት?

ሜቲ



ኮልፌ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሁለት ናቸው።

ከሰላምታ በፊት ይህን የጻፍኩት ሰላምታ ከጀመርኩ እንደገና እንዳልሸሽ ነው። ሲስተር ቦንቱን ሄጄ ጠየቅኳት። የአምስት ዓመቱ ነው አለችኝ፣ ሁለት ዘንግ፣ ጎን ለጎን። «ምነው፣ ልጅቷ አላውቅም አለች እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ ወጥቼ ሄድኩ። በእሷ አትፍረጂ፣ እኔን ነው ያመነችው።

አሁን እንደምን ነሽ ሜቲዬ?

የኩዌቱን ታሪክ ታውቂዋለሽ፣ አልደግመውም። አንድ ያልነገርኩሽ ነገር ግን አለ። ሆዴ ከመግፋቱ በፊት፣ ገና ሰውየው ያን እንዳደረገኝ ሰሞን፣ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ ብዬ ማዳሟን ለምኛት ነበር። ወሰደችኝ። እዚያ ባልሽ የት አለ አሉኝ። ባል የለኝም አልኩ። ይህቺን ብቻ ነው የተናገርኩት። ሐኪሙ ወጣ፣ ፖሊስ ገባ። ዮርዲ የተወለደችው በእስር ቤት ምንጣፍ ላይ ነው። ስለዚህ አንቺ እሄዳለሁ ብለሽ ስትነሺ፣ አትሂጂ ብዬሽ እንቢ ስትይ፣ እኔ የታየኝ ያ በር ነው። ሐኪሙ የወጣበት በር።

ብነግርሽ «እኔን ማን ይነካኛል» ትያለሽ ብዬ ፈራሁ። ግትር ነሽ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመትሽ ነበር፣ መንገድ ሁሉ የተጠረገ ይመስልሽ ነበር። ደግሞም ከነገርኩሽ የኔን ታሪክ በሙሉ ዘርዝሬ ላስረዳሽ ነው፤ ለዚያ አፍ አልነበረኝም። ክትባት ማለት ቀለለኝ።

ስታገቢ ልነግርሽ ነበር። እውነቴን ነው። ከዚያ «እትዬ እስካሁን ምንም የለም» ብለሽ ስትደውይ፣ ያን ቀን መናገር ነበረብኝ፤ አፌ «ጸበል እልክልሻለሁ» አለ። አንዴ ካልኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። የመጪው ዓመት ጥር ላይ አምስት ዓመቱ ይሞላል፣ መድኃኒቱ በራሱ ይደክማል፣ ያኔ ትፀንሻለሽ፣ ጸበሉ ሠራ ትያለሽ፣ እልል እንላለን፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም ብዬ አሰላሁ። መድኃኔዓለምን የውሸቴ ተካፋይ አደረግኩት። እያወቅኩ ነበር የቀዳሁት፣ አዎ። ስቀዳ ግን እጸልይ ነበር፤ እሱ እንኳን ውሸት አልነበረም።

ሌላም አለ። ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው።

ቃለጽድቅ ቤታችን አልመጣም። ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ እንደተፈታ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ልኮ ነበር። ተቀመጡ፣ ጠላ ቀመሱ፣ ከዚያ «ልጃችን ዘር ይፈልጋል፤ ልጅቷ አልሆነላትም፤ ሳይቀያየሙ ይለያዩ» አሉ። መካን የሚለውን ቃል የተናገረው ትንሹ ሽማግሌ ነው፣ ትልቁ ገሠጸው። ሁሉም አፌን ያዩ ነበር። እኔ «የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል» አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ከጥምቀት በኋላ ሌላ ያገባል እየተባለ ነው።

ይህን ሁሉ ወር ደብቄሽ «ሆድ አይባስሽ» ስልሽ ኖርኩ። ስድብ ካለሽ ስደቢኝ፣ ብቻ ጻፊልኝ።

ጉዲቱ



አማን፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለክብርት ወይዘሮ ጉዲቱ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሱቅዎ፣ አቧራዎ፣ ጎረቤትዎ ሁሉ እንደምን አለ? እኔ ባሌ ትቶኝ፣ ስሜ ጠፍቶ፣ ክንዴ ተቀብሮበት፣ ጨጓራዬ ብቻ ጤነኛ ሆኖ አለሁ።

እርስዎ ስላልኩዎት አይደነቁ። አንቺ የሚባለው የሚያውቁት ሰው ነው።

«የእግዚአብሔር ሥራ ነው» አሏቸው? የሲስተር ቦንቱ ሥራ ነው እንጂ! የእርስዎ ሥራ ነው እንጂ! እግዚአብሔር በየት በኩል ገባበት? ሦስት ሽማግሌ የእህትዎን ስም እንደ ምንጣፍ አንጥፎ ሲቀመጥበት፣ አንድ ቃል፣ አንዲት ቃል ተናግረው ማንሳት ሲችሉ፣ ጠላ ቀዱላቸው።

የኩዌቱን አንብቤ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽዎትም። ክሊኒክ ውስጥ «ባልሽ የት አለ» ስትለኝ ያቺ ተቀባይ፣ ያው ጥያቄ እርስዎን እስር ቤት እንዳስገባዎት አላወቅኩም ነበር። ባውቅ ኖሮ መልሴንም እጠነቀቅ ነበር፣ አካሄዴንም። ይህ ራሱ አይገርምዎትም? ሊጠብቁኝ ብለው የሸሸጉኝ ነገር ነው ሊጠብቀኝ ይችል የነበረው።

ዮርዲን ከቦሌ ታቅፈዋት ሲወጡ፣ ከእጅዎ የተቀበልኳት እኔ አይደለሁም? የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ ጡጦዋን ያፈላሁ እኔ አይደለሁም? «የመጣችው እንዲህ ባለ መንገድ ነው» ብለው ሹክ ያሉኝ ቀን፣ ለማንም ትንፍሽ ብያለሁ? እና «ሜቲ፣ እንዳይደርስብሽ ይህን እናስቀብር» ብትዪኝ እንቢ የምል ይመስልሽ ነበር? ብትነግሪኝ እኮ ክንዴን ራሴ ነበር የምዘረጋልሽ! ብትነግሪኝ ሳገባ ሄጄ አስወጣው ነበር፣ በቃ! ያ ዘንግ አይደለም የጎዳኝ። ዘንጉማ ሥራውን ነው የሠራው፣ ማንንም አልዋሸም።

ይቅርታ። ከእርስዎታው ወጥቼ ነበር፣ ተመልሻለሁ።

የምጠይቅዎት ነገር አንድ ነው። ወደ ቃለጽድቅ ቤት ይሂዱ። ሽማግሌዎቹ ባሉበት «ሜቲ መካን አይደለችም፤ ሳታውቅ ያስቀበርኩባት እኔ ነኝ» ይበሉ። ሰውየውን እንዲመልሱልኝ አይደለም። ደውሎ «ትቼሻለሁ» ለማለት ድፍረት ያጣ ባል ለማንም አይጠቅም፤ ለዚያች ሙሽራም እግዜር ይሁናት። እኔ የምፈልገው ስሜን ነው። ነገ ተመልሼ ቀራንዮ ስወርድ ሴቶች በሐዘኔታ አንገታቸውን እንዲያዘነብሉብኝ አልፈልግም።

ዘንጎቹ እንዲወጡ ሐኪሟ ለማሽኑ ቀጠሮ ሰጥታኛለች። ሁለት መሆናቸውን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ።

ታናሽዎ ሜቲ



ኮልፌ፣ ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሜቲ፣

ሄድኩ። ገና ባለፈ በሁለተኛው ቀን ሄድኩ። ምነው ባልሄድኩ።

ዳስ እየጣሉ ነበር። የቃለጽድቅ እናት ለሠርጉ ርዳታ የመጣሁ መስሏቸው ሳሙኝ። ትልቁንና ትንሹን ሽማግሌ አስጠራሁ፣ ሦስተኛው ለቅሶ ሄደዋል አሉኝ። ቆሜ ተናገርኩ። ያልሽኝን ቃል በቃል። «ሳታውቅ ያስቀበርኩባት እኔ ነኝ» አልኩ። አንገቴን አልደፋሁም።

ከዚያ እናቱ ወገባቸውን ይዘው፣ «ሃያ ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ክንዷ ተቀዶ ዕቃ ሲገባበት ሳታውቅ? የኮልፌ ልጅ?» አሉ። ክትባት ነው ብያት ነው አልኳቸው። «አይ ጉዲቱ! ተመካክራችሁ ነው። እኔ ደግሞ ለልጅቷ አዝኜ ስለት ተስዬላት ነበር። ልጄን ሁለት ዓመት ሙሉ እያወቀች አታለለችው!» አሉ። ትልቁ ሽማግሌ እንኳን፣ እኚያ አንቺን የሚወዱት ሰውዬ፣ ራሳቸውን ነቀነቁና «ታውቃለች» አሉ። «እንዴት አታውቅም፣ ታውቃለች እንጂ።»

ማልኩላቸው። በዮርዲ ማልኩ። ያኔ የእግዚአብሔር ሥራ ነው ብላ የዋሸችን ሴት ዛሬ ስትምል ማን ይሰማታል? ቃለጽድቅ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። ዓይኑን አይቼዋለሁ፣ እሱ አምኖኛል። ሲያምነኝ አየሁት፣ ከዚያ ፊቱን መልሶ ወንበር መደርደሩን ቀጠለ።

አሁን ቀራንዮ የሚወራው ይኸው ነው። መካን ናት የሚለው ቀርቷል። ተንኮለኛ ናት ይሉሻል። ነሐሴ ላይ ብናገረው እውነት የነበረውን ጥር ላይ ስናገረው ሌላ ነገር ሆኖ ወጣ። «ታውቃለች» ሲሉ፣ ሲስተር ቦንቱ ጋ ያልኩት ቃል ራሱ ነው በሌላ ሰው አፍ የመጣብኝ። ካንቺ ሰውሬ ያልኩትን አገር ተቀብሎ ደገመው።

እርስዎ በይኝ። ይገባኛል።

ጉዲቱ



አማን፣ ጥር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዲቱ፣

እርስዎ ማለት ደከመኝ። ለካ ለጠላትም ትሕትና ሲበዛ ያደክማል።

ሁለቱም ወጡ። ዊዳድ ራስጌዬ ተቀምጣ ሐኪሟ የምትለውን አንድ በአንድ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። «አሁን ማደንዘዣ ልትወጋሽ ነው፣ እሺ?» ትለኛለች። እሺ እላለሁ። «አሁን ትንሽ ልትቀድ ነው፣ እሺ?» ሐኪሟ ምላጯን ይዛ እሺ እስክል ትጠብቃለች። ቋንቋዬን አታውቅም፣ ግን አፌን እያየች ትጠብቃለች። ያለቀስኩት ያኔ ነው። ዊዳድ አመማት ብላ ደነገጠች። አላመመኝም። ክንዴ የኔ እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ነው።

ልጅ መውለድ እችል እንደሆነም ጠየቅኳት፣ ምንም የሚከለክልሽ የለም አለች። ከማን ጋር የሚለውን እንኳን እሷም አታውቅም።

የቀራንዮውን ወሬ አንብቤ አንድ ቀን ሙሉ አልተነሳሁም። ሄደሽ መናገርሽን አልክድም፤ ከባድ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን አልጠቀመኝም። ድሮ መካን ነበርኩ፣ አሁን አታላይ ሆኛለሁ፣ ያንንም ያንንም ያገኘሁት ካንቺ ነው። ይቅር አልልሽም። ወደፊት እንጃ፣ ዛሬ ግን አልልሽም። አገር ቤትም አሁን አልመጣም።

ሃይላንዱን መልሼልሻለሁ። ጸበሉ ምን አጠፋ፣ ጠጥቼዋለሁ። ውስጡ ያሉት ሁለቱ ዘንጎች ያንቺ ናቸው።

አሁን ስለ ዮርዲ። «ለአባቷ የምታበራውን ሻማ አልዘለለችም፣ እንዲህ ያለች ልጅ ናት» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ያኔ በራሴ ንዴት ውስጥ ሆኜ አልፌው ሄድኩ። አሁን ደብዳቤዎችሽን ደግሜ ሳነብ እዚያ መስመር ላይ ተቀመጥኩ። ጉዲቱ፣ አባቷ እኮ አልሞተም። ኩዌት በመኪና አደጋ ሞተ ያልሻት አንቺ ነሽ። እናትዋን ደፍሮ እስር ቤት ላስገባ ሰው ነፍስ ነው ልጅቷ በየዓመቱ በመድኃኔዓለም ዋዜማ ሻማ የምታበራው። አንቺም ለሻማው ሳንቲም ትሰጫታለሽ። ለእኔ ጸበል እንደቀዳሽው።

አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ነገ ከአንዷ ጎረቤት አፍ ትሰማዋለች። ወይም ማንም አይነግራትም፣ እንደኔ ግድግዳ እያየች ፈገግ ትላለች። እንግዲህ እኔም እንደ ሲስተር ቦንቱ ልጠይቅሽ።

ዮርዲ ቤክቲ?

ሜቲ



ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ የካቲት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሜቲ፣

አላወቀችም ነበር። አሁን ታውቃለች።

እኔ «ታውቃለች» ብዬ ብጽፍልሽ እንደማታምኚኝ ስለማውቅ፣ የቀረውን ወረቀት ለእሷ ትቼላታለሁ። የምትጽፈውን አላይም። ፖስታውን የምታሽገው ራሷ ናት።

ጉዲቱ

አክስቴ፣ ዮርዲ ነኝ።

እማዬ የነገረችኝ ቅዳሜ ነው። ሱቁን ዘግታ ነው የነገረችኝ። ቅዳሜ ሱቅ ዘግታ ስለማታውቅ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር። ስለ ኩዌትም፣ ስለ እስር ቤቱም፣ ስላንቺ ክንድም ነገረችኝ። ጠርሙሱንም አሳየችኝ። ዘንጎቹ እንዲህ ትንንሽ ናቸው እንዴ? እኔ ትልቅ ነገር ነበር የመሰለኝ።

አንዱ ነገር ግን እስካሁን አልገባኝም። ሻማውን ስገዛ አብራኝ ትመርጥ ነበር። «ረዘም ያለውን ውሰጂ» ትለኝ ነበር። ለምንድነው ረዘም ያለውን?

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙም አናወራም። ታለቅሳለች። ላባብላት እሄድና መጀመሪያ ስለ ልቅሶዋ የጻፍሽው ትዝ ይለኛል፣ አስነብባኛለች፣ እመለሳለሁ። አልጠላኋትም። ግን አሁን «ምሳሽ ድስት ውስጥ አለ» ስትለኝ እንኳን ክዳኑን ከፍቼ ነው የማየው።

የምጠይቅሽ ነገር አለ። ከፋሲካ በኋላ ትምህርት ቤት ለሴቶች ብቻ ክትባት ሊሰጡን ነው። የጤና ባለሙያዎች መጥተው የማህፀን በር ካንሰር ይከላከላል ብለው አስረዱን። በግራ ክንድ ነው አሉ። ጓደኞቼ በሙሉ ተመዝግበዋል። እማዬም «ጥሩ ነው፣ ተከተቢ» ብላኛለች። መምህራችን ወላጅሽ ፈቅዳለች አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ ስትለኝ አክስቴን ልጠይቅ አልኳት።

ዊዳድን ጠይቂልኝ። ያቺንም ሐኪም ጠይቂልኝ። መልሱን በስልክ ልትነግሪኝ ትችያለሽ፣ እኔ አላለቅስም።

እውነት ክትባት ነው?